ወንዙን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ

ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ከተማ ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ጋራዥ ወይም ፀጉር ቤት ገብታችሁ ከሆነ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጠማማ ከሆነ ደግሞ እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ የወንዝ ለኪ ነው። በየማለዳው ትልቁ ድልድይ ሥር ይወርድና በመካከለኛው ምሰሶ ላይ የተጻፈውን መለኪያ ያያል፤ ውኃው የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ በደብተሩ ጽፎ ቢሮ ያስታውቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጎደለም። በሠርጋችን ማግስት እንኳ ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር፤ ገና በጠዋቱ ጥሎኝ የጠፋ መስሎኝ ሳለቅስ "ሁለት ሜትር ከአርባ" እያለ ተመለሰ። ከተማው ሁሉ "ሜትር" ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና እናቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

እኔና ሜትር በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራችን ያልተጨቃጨቅንበት ነገር የለም። ባለፉት አራት ወራት ግን የተጨቃጨቅነው በከተማው በጀት ነው። ጎረቤቶቻችን በልጅ፣ በአማት፣ በምግብ ጨው ይጣላሉ፤ እኛ ቤት ጠቡ የማዘጋጃ ቤት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለአንድ ትልቅ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ያዘና ለምን ይዋል ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። አንደኛው ሐሳብ የወንዙን ዳርቻ ማልማት ነው፦ የቆሻሻ መጣያ የሆነውን ዳርቻ ማጽዳት፣ የእግር መንገድ መሥራት፣ ዛፍ መትከል፣ አግዳሚ ወንበርና የልጆች መጫወቻ ማኖር። ሁለተኛው ደግሞ ከከተማው በላይ ያለውን አሮጌ ግድብ ከፍ ማድረግ ነው፤ ወንዙ ባለፉት አራት ዓመታት ከፍ ብሏልና አንድ ክረምት ታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ይወስደዋል ተብሎ ተሰግቷል። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። ወንዙ ከፍ ማለቱን የነገራቸው ማነው ብትሉ፣ ባለቤቴ ነዋ።

እኔ የዳርቻው ወገን ነበርኩ። የሥራ ቤቴ ወንዙ አጠገብ ነው፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የቆሻሻው ሽታ እየገባ ከቀለሙ ሽታ ጋር ይፎካከራል። ደግሞ አልዋሽም፣ ጥቅምም አለኝ። ዳርቻው ከለማ መቶ ሃያ ሰሌዳ እንደሚያስፈልግና ሥራውም የእኔ እንደሚሆን ተነግሮኝ ነበር። ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ያወራሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

"የታችኛው ሰፈር ሰው በጎርፍ ይወሰድልሽ፣ አንቺ ወንበርሽ ላይ ዘና በይ" ይለኛል ሜትር፣ እራት ላይ።

"አንተ ደግሞ ግድብህን ታቅፈህ ተኛ" እለዋለሁ።

ልጃችን አግብታ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ነው የምትኖረው። ማታ ማታ ስትደውል ሰላምታ ትታ "እማዬ፣ ዛሬስ ማን አሸነፈ?" ማለት ጀምራ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የሁለቱንም ወገን መፈክር የጻፍኩት እኔ መሆኔ ነው። "ግድባችን ይቅደም" የሚለውን እንዲያውም ከእኛው አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ሐሳቡን ብቃወም ፊደሉ ምን አደረገኝ?

የውይይቱ ቀን ደረሰና ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ማንም ሳያዘው የግድቡ ወገን በግራ፣ የዳርቻው ወገን በቀኝ ተቀመጠ፤ መሐል ያለው መተላለፊያ የኛን አልጋ መሰለ። ተናጋሪ ሁሉ ቁጥር ወስዷል። ሜትር አሥራ ስድስት ነው፤ እኔ አሥራ ሰባት። አጠገብ ለአጠገብ ተሰልፈን ስንመዘገብ እንኳ ሰላም አላለኝም።

መጀመሪያ የግድቡ መሐንዲስ ተነሣ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያወራው ግን ግድግዳው ላይ ካንጠለጠለው ትልቅ ወረቀት ጋር ነው። ወረቀቱ ላይ የወንዙ ከፍታ በየዓመቱ በቀይ መስመር ተሥሏል። "እንደምታዩት" አለ፣ "ወንዙ ባለፉት አራት ዓመታት በአማካይ ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ጨምሯል።"

ሌላው ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን ሥራዬ መስመር ነውና መስመሩን አየሁት። ለብዙ ዓመታት ለጥ ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይዘላል፤ ከዚያ እንደገና ለጥ ብሎ ይቀጥላል። ይሄማ የቤት ደረጃ ነው፣ ወንዝ ደግሞ ደረጃ አይወጣም ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ሃያ ሁለት የሚለው ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ ጮኸ። ሃያ ሁለትን አውቀዋለሁ። በገዛ እጄ ከካርቶን ቆርጬዋለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የምሰሶው ቀለም ተላልጦ ስለነበር ቢሮው መለኪያው እንዲታደስ አዘዘ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ፤ ሜትር መሰላሉን ያዘልኝ። አሮጌዎቹ ቁጥሮች ደብዝዘውም ቢሆን ይታዩ ነበር፤ መስመሮቹ ግን ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። እኔም ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ቁመት ያላቸው የቁጥር ቅርጾች ቆረጥኩ፤ አሮጌዎቹ ቁጥሮች በነበሩበት ቦታ ላይ እያሳረፍኩ ቀባሁ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር አንድ አንድ መስመር አሰመርኩ። የሰሌዳ ጸሐፊ እጅ ሌላ አያውቅም። ሰው ወለል ላይ እንደሚቆም ፊደልም መስመር ላይ ይቆማል፤ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ከዚህ ውጪ ከጻፍኩ ብሩሹን ይቀማኝ ነበር።

አሮጌው መለኪያ ግን እንደዚያ አልነበረም። ቁጥሩ ከመስመሩ በታች ተንጠልጥሎ ነበር የሚጻፈው። ሦስት ከሚለው ቁጥር አናት ላይ ቀጭን የጥቁር ቀለም ቅሪት እንደነበረ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ትዝ አለኝ። ቆሻሻ መስሎኝ በቢላዬ ፍቄ ጥዬዋለሁ። መስመሩን ከቁጥሩ አናት አንሥቼ እግሩ ሥር አወረድኩት ማለት ነው። ሜትር ደግሞ የሚያነበው መስመሩን ነው። ውኃው ባለበት ቆሞ ሳለ ንባቡ በአንድ ቀን ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ አለ። ወዲያው ክረምቱ ገብቶ ወንዙ በራሱ ሞላ፤ ማንም ምንም አላስተዋለም። በጋ ሲሆን ወንዙ እንደ ድሮው አልጎድል አለና ሜትር ራሱን እየነቀነቀ "ይሄ ወንዝ ተለውጧል" አለኝ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብል፣ ከተማው ላልመጣ ውኃ ግድብ ሊያስረዝም ነው። ብናገር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሳያጎድል የለካ ሰው በሦስት መቶ ሰው ፊት መሳቂያ ሊሆን ነው፤ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል። ያዋረደችው ደግሞ የገዛ ሚስቱ፣ የመቶ ሃያ ሰሌዳ ተስፈኛዋ። ማንስ ያምነኛል?

ቢያንስ እሱ ከእኔ አፍ ቀድሞ ይስማው ብዬ ወረቀት ቀደድኩና "ቁጥሩ ተሳስቷል፣ መስመሩን ያዛባሁት እኔ ነኝ፣ አትናገር" ብዬ ጽፌ በሰው አሻግሬ ላኩለት። ተቀበለው፤ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ሳይገልጠው ኪሱ ከተተው። ከተቃራኒ ወገን መልእክት አልቀበልም ማለቱ ነው። ግትር። እዚያው ተነሥቼ ብሩሽ ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

ተራ ቁጥር አሥራ አምስት ከታችኛው ሰፈር የመጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘች። "እኔ ብዙ አላወራም" አለች። "አራት ክረምት ሙሉ ፍራሼን ቁም ሣጥን ላይ እየሰቀልኩ ወንበር ላይ ነው የማድረው። የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛ ላይ በገመድ አስሬዋለሁ። ጋሼ ሜትር ውኃው ጨመረ ባሉን ቁጥር ልጆቼን ይዤ እኅቴ ቤት እሄዳለሁ። ሰለቸኝ። ግድቡን ሥሩልኝና ልተኛ።" እኔ ደግሞ የዚያች ሴት የአራት ክረምት እንቅልፍ ብሩሼ ጫፍ ላይ ታየኝ፤ አፈርኩ።

ከዚያ ሜትር ተነሣ። ሠላሳ አንዱን ደብተር በካርቶን ተሸክሞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። "እኔ ግድብ ይሠራ አይሠራ የማለት ዕውቀት የለኝም" አለ። "እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው። ቁጥር ወገን የለውም፣ ቁጥር አይዋሽም።" በግራ በኩል ያለው ወገን ጭብጨባውን አቀለጠው። እኔ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ። ምነው ዛሬ እንኳ "ሳይሆን አይቀርም" የምትል ቃል ቢጨምርባት?

"ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት" አለ ሰብሳቢው።

ወደፊት ስራመድ የእኛ ወገን አጨበጨበልኝ። ማይክሮፎኑ ጋ ደርሼ ዞር ስል ዓይኔ ሜትር ላይ አረፈ። ክንዱን አጣጥፎ፣ የምለውን ሁሉ ለማፍረስ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አራት ወር ሙሉ ስጣላው ከርሜ ያን ጊዜ እንዴት እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም።

"ክቡር ሰብሳቢ" አልኩ፣ "ስለ ዳርቻው ልናገር ነበር የመጣሁት፤ ትቼዋለሁ። ወንዙ ከፍ አላለም። ወንዙን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ።"

ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። "በየትኛው ጉልበትዎ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ትምህርት ቤት መሆኑ በጀኝ፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አለ። ሄጄ ሦስት ቁጥርን በትልቁ ጻፍኩ። ከአናቱ ላይ አንድ መስመር፣ ከእግሩ ሥር ሌላ መስመር አሰመርኩ። "ድሮ መስመሩ እዚህ ነበር" አልኩ፣ "እኔ እዚህ አወረድኩት። በሁለቱ መካከል ያለው የቁጥሩ ቁመት ነው። ቁጥሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር።" መሐንዲሱ ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ አየ። አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ከግራ በኩል አንድ ሰው "መቶ ሃያ ሰሌዳ ተስፋ ተሰጥቷት እኮ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይኼንኑ ነበር።

"ሰሌዳውን አልጽፍም" አልኩት። "ይመዝገብልኝ። ዳርቻው ቢለማም ባይለማም አንዲት ፊደል አልጽፍም። ሌላ ሰው ይጻፈው፣ ጠማማም ቢሆን እችለዋለሁ።" የመጨረሻው ውሸት ነበር፤ ያለፈው ግን ሁሉ እውነት ነው።

ያን ጊዜ ነው ሜትር እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያየሁት። ወረቀቱን ገለጠ፤ አነበበ። ተነሣ። መጣብኝ አልኩ በልቤ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ትዳር እዚህ ጠመኔ ላይ ሊያበቃ ነው።

"ክቡር ሰብሳቢ" አለ፣ "ስህተቱ የእኔ ነው።"

"ተቀመጥ፣ ተራው የኔ ነው" አልኩት።

"ተራሽን ጨርሰሻል። ምሰሶው ላይ ግንበኞቹ የተከሉት የነሐስ ምስማር አለ፤ ልክ ሁለት ሜትሩ ላይ። ቀለም በታደሰ ቁጥር መስመሩን ከምስማሩ ጋር ማመሳከር የለኪው ግዴታ ነው። አላመሳከርኩም።"

"ምስማሩንም እኮ በቀለሜ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።"

"ስትሸፍኚው መሰላሉን ይዤ አይቻለሁ።"

"አይተህማ ቢሆን ትነግረኝ ነበር። መስመሩን ያሰመረው ማን እጅ ነው?"

"አራት ዓመት ያነበበው ማን ዓይን ነው?"

"ለምን አላመሳከሩም ጋሼ?" አለ ሰብሳቢው፣ በመሐላችን ቀዳዳ ሲያገኝ።

ሜትር ወለሉን አየ። "ሚስቴ ነበረች የጻፈችው" አለ። "እሷ የጻፈችውን በምስማር ላጣራ?"

እኔ ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል አሉ" ሲሉ ግራውም ቀኙም አብሮ ሳቀ። ሰብሳቢው ዓይኑን እየጠረገ "አራት ወር ማን ትክክል ነው ብላችሁ ስትጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷል፤ አሁን ደግሞ ማን ተሳሳተ ብላችሁ ልትጀምሩ ነው?" አለ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም። "ምስማሩን እንየው" አለ፣ የመለኪያ ሜትሩን ከቦርሳው እያወጣ።

ስብሰባው እንዳለ ተነሥቶ ወደ ድልድዩ ሄደ። ግራና ቀኝ መሆኑ መንገድ ላይ ተረሳ፤ ሁለቱም መፈክሮች ተጠቅልለው በአንድ ሰው ብብት ሥር ሆኑ። ሜትር ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባ። ምሰሶውን በመዳፉ ዳበሰው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመና በቁልፉ ቀለሜን ፋቀ፣ ፋቀ። ከነጩ ቀለም ሥር ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። መሐንዲሱ ተከትሎት ገብቶ ከምስማሩ እስከ ሁለት ቁጥር መስመር ድረስ ለካ። ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ቀና አለ።

"ሃያ ሁለት" አለ።

ልብስ ሰፊዋ የድልድዩን ብረት ይዛ ወደ ታች ተንጠልጥላ ታይ ነበር። "ጋሼ ሜትር፣ ውኃው ከፍ አላለም ማለት ነው?"

"አላለም።"

"ምንም?"

"ምንም። ስንወለድ የነበረው ወንዝ ነው።" ሜትር አንገቱን ደፋ። "አራት ዓመት አስፈራራኋችሁ። ይቅር በሉኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ድልድዩ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትከሻዋ ይነቀነቅ ጀመር። የምታለቅስ መስሎን ተጠጋን፤ ስትገልጠው እየሳቀች ነው። "ፍራሼን ዛሬ ላወርደው ነው" አለች። "ሰዎች፣ ዛሬ ተዘርግቼ ልተኛ ነው።" ከታችኛው ሰፈር የመጡት ሴቶች አንሥተው አቀፏት፤ ከመካከላቸው አንዷ እልል አለች፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። እኔን መሐንዲሱ አቀፈኝ፤ ሱሪው ጭቃ ነበር።

አንድ የቢሮ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠርጎ "የለኪው ጉዳይ ግን በደንቡ መሠረት መታየት አለበት" ብሎ ሊጀምር ነበር። ልብስ ሰፊዋ አላስጨረሰችውም። "ከፍ ብሏል ብሎ የነገረን እሱ ነው" አለች። "አላለም ብሎ ለመንገር ውኃ ውስጥ የገባውም እሱ ነው። ሲሳሳት ወጥቶ ተሳሳትኩ የሚል ለኪ ካላችሁ አምጡልን፤ ከሌላችሁ ተዉልን።" ሕዝቡ አጨበጨበ። ኃላፊው ጉሮሮውን ድጋሚ ጠርጎ ከሕዝቡ ኋላ ሄዶ ቆመ።

ሰብሳቢው እዚያው ድልድዩ ላይ እጅ አስወጣ። ግድቡ ከፍ መደረጉ ቀረ፤ ያረጁት በሮቹ ብቻ እንዲጠገኑ፣ የተረፈው ገንዘብ ለዳርቻው እንዲውል ተወሰነ። እጁን ያላወጣ ሰው ካለ ልጅ የታቀፈ ነው።

ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ሰውዬ ደብተራቸውን ድልድዩ ላይ አስደግፈው ሲጽፉ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ብዕራቸው ቆመ። "ይቅርታ" አሉ፣ "ስህተቱ የማን ነው ተብሎ ይያዝ?"

"የእኔ" አልን ሁለታችንም አንድ ላይ።

"አንድ ስም ነው የሚያዘው።"

ሜትር ከውኃው ወጥቶ ሱሪው እንደተጠቀለለ፣ እግሩ እየተንጠባጠበ አጠገቤ መጣ። ሰው ፊት እጄን ይዞ የማያውቅ ሰው እጄን ያዘኝ። ቀለም የነካው ቁልፍ በመዳፎቻችን መካከል ነበር።

"የቤታችን ብለው ይጻፉት" አላቸው።

ባሌ የቁጥር ሰው ነው፤ ቃል አይሆንለትም። በሃያ ስምንት ዓመት እወድሻለሁ ያለኝን ቀናት በአንድ እጄ ጣቶች ብቆጥር ጣት ይተርፈኛል። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን አልቆጥርም። ሰውዬው እንደተባሉት ጻፉ፤ ሰብሳቢው ፈረመበት፤ ማኅተም ተመታበት። ማዘጋጃ ቤት ፋይል ክፍል ውስጥ አለ፤ ማየት የፈለገ ሄዶ ያንብብ።